የብቸናና የሞጣ መዋጮ

የአዲስ አበባ ልጆች ስለ ሰፈር ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጎደለው ነው። ኮንዶሚኒየሙ ተሠራ፣ የኳስ ሜዳው የታለ? ይህ ሁሉ አባወራ ገባ፣ ቤተ መጻሕፍቱስ? ለጋራ መጠቀሚያ ተብሎ የተሠራው ቤት ለሱቅ ተከራየ ወይ ተቆልፎበት ቀረ። ወቀሳችን ልክ ነው። ግን ወቀሳው ውስጥ አንድ የተደበቀ እምነት አለ፤ «አንድ አካል ሊሠራልን ይገባ ነበር» የሚል። ያ አካል ማን ነው? ስሙ ራሱ ያስቃል። በአማርኛችን «የሚመለከተው አካል» እንለዋለን፤ ሲመለከት ያየው ግን የለም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ወረድ እንበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አባይን ከተሻገረ በኋላ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ብቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አልፎ በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይገባል። የብዙዎቻችን አያቶች ከዚያ አካባቢ መጥተዋል፤ እኛ ግን ብቸናን በበላይ ዘለቀ፣ ሞጣን ደግሞ በ2012 በሰማነው አሳዛኝ ዜና ብቻ ነው የምናውቃት። እስኪ ለአንድ ጊዜ ሌላ ነገር እንጠይቅ፦ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ትምህርት ቤቱን፣ ውኃውን፣ ድልድዩን፣ የቀብር ድንኳኑን ማን ከፈለ?

ከሥሩ እንጀምር። ሞጣ ከተማ የሆነችው በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ነው። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ጎጃምን የገዙ፣ የኋለኞቹ የጎጃም መሳፍንትም የሚዘረዘሩባቸው ሰው ናቸው። በብቸና በኩል ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ከብቸና ብዙም የማይርቅ፣ ሊቃውንት የወጡበት የታወቀ ገዳም። ደብር ሲተከል መሬት ይሰጠዋል፣ ካህናት ይሰፍሩበታል፣ ተማሪ ይሰበሰብበታል፣ ቅዳሜ ወይም ሌላ ቀን ገበያ ይቆምለታል። ከተማዋ እንዲህ እንዲህ እያለች ታድጋለች።

ተማሪውን ልብ በሉልን። የአብነት ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ ጎጆውን ቀልሶ፣ ለምድ ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። ውሻ ያባርረዋል፣ ልጆች ይስቁበታል፣ ግን ይበላል። ማለትም መንደሩ በሙሉ፣ ደሃውም ሀብታሙም፣ ከሞሰቡ ቆርሶ የትምህርት ቤቱን በጀት ይከፍል ነበር። የትምህርት ቤት ምገባ የዘመናችን ፈጠራ የመሰላችሁ ካላችሁ የዲማና የሞጣ ባልቴቶች ይታዘቧችኋል። ደብተር አልነበረውም፣ ሪፖርት አልነበረውም፣ መሥሪያ ቤትም አልነበረውም።

ሁሉም እኩል ተቆጥሮ ነበር ለማለት ግን አንደፍርም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ገበያውን ያቆሙት እነሱ ሆነው ሳለ በስም የሚንቋቸው ብዙ ነበሩ። ሙስሊሙም በድሮው ሥርዓት ርስት እንደ ልብ አያገኝም ነበርና ኑሮውን የመሠረተው በንግድና በሽመና ላይ ነው። ጨው፣ ቡና፣ ጥለት፣ ጋቢ በእጁ ያልፋል። ስለዚህ የሞጣ ገበያ ያለ ሙስሊም ነጋዴ አይታሰብም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ሲከፍል ብቸናም ሞጣም የአውራጃ ዋና ከተማ ሆኑ። በ1937 ደግሞ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። ያው 1937 በጥር ወር በብቸና አገር ያደገው አርበኛ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለበት ዓመትም ነው። አምስት ዓመት ጣሊያንን አላስቀምጥ ያለው ሰው ተሰቀለ፤ በዚያው ዓመት ለከተሞች የጽዳት፣ የመንገድና የገበያ ደንብ ወጣ። በብቸና ሰው ዓይን ሆናችሁ አንብቡት። አዲሱ መንግሥት በአንድ እጁ ገመድ፣ በሌላ እጁ ማዘጋጃ ቤት ይዞ መጣ። (ስሙ ከጊዜ በኋላ ታደሰለት፤ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተጠራ።)

የአውራጃ ከተማ መሆን ቀልድ አይደለም። ፍርድ ቤት ይመጣል፣ ፖሊስና ወህኒ ቤት ይመጣል፣ ፖስታና ስልክ ይመጣል፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ይመጣል። ጸሐፊው፣ ዳኛው፣ አስተማሪው ቤት ይከራያሉ፣ እንጀራ ይገዛሉ፣ ጠጅ ይጠጣሉ። ሞጣ እንዲያውም የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራት፤ በዓለም የአቪዬሽን መዝገብ «ኦቲኤ» የሚል የራሷ መለያ አላት። አስፋልት ሳታይ አውሮፕላን ያየች ከተማ ናት ማለት ነው። በክረምት ጭቃው መኪና ሲውጥ፣ ለቸኮለና ገንዘብ ላለው ሰው መውጫው ሰማይ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ሆድ ዕቃ እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 የትምህርት ግብር የሚባል ነገር ታወጀ። በመሬት ላይ የሚጣል፣ ገበሬው የሚከፍለው። እ.ኤ.አ. በ1959 የጤና ግብር ተከተለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የከፈልከው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሆኖ ይመለስልሃል። ችግሩ፣ ከፋዩ ገጠር ነው፣ ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው። የእነማይ ወይም የእነሴ ገበሬ የትምህርት ግብሩን ከፍሎ ልጁን ማስተማር ከፈለገ፣ ልጁ ብቸና ወይም ሞጣ ሄዶ ቤት ተከራይቶ፣ በሳምንት አንዴ ስንቅ እየተላከለት መማር አለበት። ያን የሚችል ስንት ገበሬ ነበር? የተረፈው ለሌላው ሰው ልጅ ትምህርት እየከፈለ የራሱን ልጅ ከብት ጠባቂ አደረገ። የአብነት ተማሪው ቢያንስ እዚያው መንደሩ ደጃፍ ላይ ይለምን ነበር፤ ያበላኸውን ልጅ ድምፅ ማሕሌት ላይ ትሰማዋለህ። የአዲሱ ግብር ፍሬ ግን አይታይም፣ አይሰማም።

በዚህ ላይ የጎጃም ገበሬ ከመንግሥት ጋር የቆየ ስምምነት ነበረው። ከነፃነት በኋላ መንግሥት መሬት ለክቶ ግብር ሊጥል ሲል ጎጃም እምቢ አለ፤ በስተመጨረሻም መሬቱ ሳይለካ የድሮውን ቁርጥ ግብር እንዲከፍል ተተወ። ገበሬው ይህን የፈራው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። መሬት ከተለካ ርስት ይነካል፤ ርስት ከተነካ አባት ከአያት የወረሰው ስም ይጠፋል፤ ሰውየው በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ነው።

ከዚያ በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። ይህ ደግሞ ገማች ኮሚቴ እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው ምርት እንዲገምት የሚያዝ ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ በጎጃም እንደራሴ ነበሩ፤ በሕዝቡ ዘንድ የተጠሉ፣ ከግብሩ በላይ በልዩ ልዩ መዋጮ ስማቸው የከፋ ሰው። በሞጣ፣ በዳሞትና በብቸና ገበሬው መሣሪያውን አነሣ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም መንደር ተደበደበ። እንደዚያም ሆኖ አልሆነም። በመጨረሻ እንደራሴው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ አዋጁም በጎጃም ምድር ከወረቀት አላለፈም።

በትምህርት ቤት የተማርነው የታሪክ መጽሐፍ ይህን በሁለት መስመር «የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱ «ኋላ ቀሮች፣ እድገት የማይገባቸው» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው የአብዮት ዋዜማ ያደርገዋል። ለእኛ የሚታየን ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ገበሬው መዋጮ አልጠላም። ለደብሩ ያዋጣል፣ ለማኅበሩ ጠላ ይጠምቃል፣ ለሰንበቴው ዳቦ ይጋግራል፣ ለጎረቤቱ አጨዳ በደቦ ይወጣል፣ ወንፈል ይገባል። የጠላው ተመልሶ የማያየውን መዋጮ ነው። ሂሳቡን ያውቀዋል፤ የሰጠው የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅበት ጉባኤ ግን አልነበረውም። ደጃዝማቹን «የኛ ግብር የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ከየት ይመጣል?

እድር ላይ ግን ይጠይቃል። እድር እንደ ማኅበርና እንደ ሰንበቴ ጥንታዊ የሚመስለን ብዙ ነን፤ ግን አይደለም። ተመራማሪዎች አብዛኞቹ የሚስማሙበት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከከተማ ኑሮ ጋር የመጣና የተስፋፋ መሆኑን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ገጠር ሆነህ ብትሞት የሚቀብርህ ዘመድህ ነው፤ ከተማ ሆነህ ብትሞት ዘመድህ ሦስት ቀን ይርቃል። ጸሐፊው ከደብረ ማርቆስ፣ ነጋዴው ከወሎ፣ አስተማሪው ከሸዋ የመጡበት የአውራጃ ከተማ ውስጥ የሚቀብርህ ጎረቤት ነው። ጎረቤትን ደግሞ በደም ስለማታስረው በደንብ ታስረዋለህ። ወር በገባ ገንዘብ ይዋጣል፤ ያልመጣ ይቀጣል፤ ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ ይዞራል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ብርጭቆ የሰበረ ይከፍላል! ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ጠባቂ አለው። በዓመት አንድ ቀን መዝገቡ ተገልጦ ይነበባል። እንግዲህ የብቸና ሰው ሂሳብ ተጠያቂነት የሚባለውን ነገር የተማረው ከዚህ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ አይደለም።

ዓለምም እንዲሁ ነው፣ መልኩ ቢለያይም። አየርላንድን እንውሰድ። በየአጥቢያው ያለው የስፖርት ሜዳ የአብዛኛው የአጥቢያ ክለብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው የጌል አትሌቲክስ ማኅበር በፈቃደኞች ጉልበት አገሩን አዳርሶታል። ከ1958 ጀምሮ ደግሞ የንጹሕ ከተሞች ውድድር አላቸው፤ ነዋሪው ራሱ መጥረጊያና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ መንግሥት ይዳኛል፣ ይሸልማል። ልዩነቱ ይህ ይመስለናል፦ እነሱ ጋ የነዋሪው ጉልበትና የመንግሥት ገንዘብ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። እኛ ጋ እድር ሬሳ ሲያነሣ፣ ማዘጋጃ ቤት ግብር ሲያነሣ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው ያልፋሉ።

ደርግ ሊያገናኛቸው ሞክሯል፤ በራሱ መንገድ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ቀበሌ ተቋቋመ። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። በትንሽ ከተማ ደግሞ ከመቶ ብር በታች ያልሆነ ቤት ከየት ይመጣል? ስለዚህ እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች ቀበሌ ማለት ከተማው ራሱ ሆነ። የቀበሌ ሱቅ፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ፣ የቀበሌ ኪነት። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሽማግሌዎች ምሽት ምሽት ሀ ሁ ሊቆጥሩ ተሰለፉ። ይህን አናጣጥለውም፤ የብዙዎቻችን አያቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ያኔ ነው። ግን ያው ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ የሚመዘግብም እሱ ነበር። ስኳር የምትሰለፍበት ቤትና ልጅህ የሚወሰድበት ቤት አንድ ሲሆን፣ ሰው አዳራሹን የኔ ነው አይልም። እድሩን ግን ይዞ ቀጠለ።

ከ1983 በኋላ ሌላ ጉዳት መጣ፤ ብዙም ያልተጻፈበት። አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረ። ብቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ሆኑ፤ ዞኑ ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀመጠ። በካርታ ላይ ትንሽ ለውጥ ነው፤ ለከተማ ግን የደም ሥር መቆረጥ ነው። አውራጃ የሚያስተዳድሩት ቢሮዎችና ደመወዝተኞቻቸው ሄዱ፤ እንጀራ ሻጯም፣ አከራይዋም ገበያቸው ቀዘቀዘ። የከተማ ታላቅነት በደብዳቤ ተሰጥቶ በደብዳቤ ሊወሰድ እንደሚችል የሁለቱ ከተሞች ሰው ከማናችንም በላይ ያውቃል። ኋላ ሆስፒታል አገኙ፣ አስፋልትም ቀስ እያለ ደረሰ፤ ግን እያንዳንዱ ከስንት አቤቱታ በኋላ!

የገጠሩ የውኃ ታሪክ ደግሞ ያስደስታል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ጎጃምን ጨምሮ በአማራ ክልል የገጠር ውኃ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከ2003 ወዲህ አንድ ያልተለመደ ነገር ሞከሩ፤ ገንዘቡን ለወረዳ ቢሮ ሳይሆን በቀጥታ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰጡት። ኮሚቴው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ (ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል) በኩል ገንዘቡን ያንቀሳቅሳል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ድንጋይና አሸዋ ያዋጣል። ገበሬው ሂሳብ አይችልም ያሉ ነበሩ። የእድር መዝገብ አይተው አያውቁም ማለት ነው።

ስለ መዋጮ እያወራን ሰባራ ድልድይን ሳናነሣ ብናልፍ የሞጣ ሰው አይምረንም። ከሞጣ ወደ ሰሜን ወርዶ አባይ ላይ፣ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ጊዜ አርበኞች የጠላትን ጦር ለመግታት መካከለኛውን ቅስት ሰበሩት። ጣሊያን ሄደ፤ ድልድዩ እንደ ተሰበረ ቀረ። ከስድሳ ዓመት በላይ የአንዳቤትና የእስቴ ሰው ሞጣ ገበያ ለመምጣት፣ የታመመም ሐኪም ለማግኘት፣ በዚያ ክፍተት ላይ በገመድ ነበር የሚሻገረው። ወዲህና ወዲያ ጎበዞች ይቆማሉ፣ ተሻጋሪው ገመዱን ይይዛል፣ ከታች አባይ እየፈላ እነሱ ይጎትቱታል። ሦስት መንግሥት ሲቀያየር ገመድ ጎታቾቹ ቦታቸውን አልለቀቁም።

እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ፣ ኬን ፍራንትዝ፣ የዚህን መሻገሪያ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ገንዘብና ሰው አሰባስቦ በ2002 መጣ፤ ብረቱና ሲሚንቶው ያንን ገደል በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ ወረደ፤ የአካባቢው ሰው ከመጡት ጋር ሠርቶ ክፍተቱን ዘጉት። ብዙ ድልድዮችን በብዙ አገሮች የሠራው «ድልድይ ለብልጽግና» የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። በ2005 አባይ ሞላና ብረቱን ይዞት ሄደ። በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ደስ ይለናል፤ ያሳፍረናልም። ፎቶውን እኛም እናየው ነበር እኮ! ግድግዳ ላይ የሰቀልነውም አለን፤ «ውብ ኢትዮጵያ» እያልን።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ዓርብ፣ ሞጣ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ መባሉን ተከትሎ አራት መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተሰባበሩ፣ ተዘረፉም። ያን ዕለት የተቃጠለው መስጊድና የተዘረፈው ሱቅ የሩቅ ሰው አልነበረም። ጥለቱን የሸመነ፣ ጨውና ስኳሩን በዱቤ የሰጠ፣ በለቅሶ ቀን ድንኳን ተክሎ ያደረ ጎረቤት ነው። የከተማውን ገበያ ካቆሙት እጆች አንዱን ቆርጦ ከተማዋ በሁለት እግሯ ትቆማለች ብሎ ያሰበ ሰው የሞጣን ታሪክ አያውቅም። ለመልሶ ግንባታው ከአገሩ አራቱም ማዕዘን ገንዘብ ተዋጣ። መዋጮ ነው፤ ግን ይህኛው መዋጮ እንዳይኖር የምንመኘው ዓይነት ነው። እድርና ማኅበር ሰውን ያቀራርባሉ ብለን ስንጽፍ ይህን ቀን ዘልለን ማለፍ አንችልም። ለቀብር አብሮ መውጣት ብቻውን ያን ዓርብ አላስቆመውም።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። መንገድ ተቆረጠ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የትምህርት ግብር ከፍለው ልጆቻቸውን ያላስተማሩት ገበሬዎች የልጅ ልጆች፣ መንደራቸው ድረስ የመጣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው እቤት ተቀመጡ። ምን ብለን እንጽፈዋለን?

ለአንባቢዎቻችን አንድ ልመና አለን። የአውራጃው ደብዳቤ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኝ ይሆናል፤ የአዋጁም ቅጂ በነጋሪት ጋዜጣ አለ። የብቸናና የሞጣ የእድር መዝገቦች ግን ያሉት በሟች ጸሐፊዎች ሳጥን ውስጥ፣ አይጥ በሚበላቸው ደብተሮች ላይ ነው። ማን በየትኛው ወር ስንት እንዳዋጣ፣ ድንኳኑ በስንት እንደ ተገዛ፣ በ1960ው ግርግር ጊዜ ስብሰባው ስንት ሳምንት እንደ ተቋረጠ፣ ቀበሌው አዳራሽ ሲሠራ እድሩ ስንት አግዳሚ እንዳዋሰ የሚነግረን ሌላ ወረቀት የለም። ለፋሲካ አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ወይም አጎታችሁ የእድር ጸሐፊ ከነበሩ፣ ያን ደብተር ጠይቋቸው። ገጽ በገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ብርጭቆ የሰበሩትን ስም ዝርዝር ጭምር።